አዲስ የስኳር ሕመምተኛ ለሆኑ፦ ከምግቡ እኩል ሰዓቱን ይያዙ

ስኳር እንዳለበት ዛሬ የተነገረው ሰው ገና ቤቱ ሳይገባ ምክር ይዘንብበታል። አንዱ እንጀራ እርም በል ይለዋል፤ ሌላዋ ሽፈራው ቀቅለህ ጠጣ ትለዋለች፤ ሦስተኛው ደግሞ መርፌ ከጀመርክማ አለቀልህ ብሎ ልቡን ይሰብረዋል። ከስኳር ጋር ዓመታት የኖርን ሰዎች በክትትል ቀን ወረፋ ይዘን ስናወራ የምንሰማው ግን ሌላ ነው። ድንገተኛ ክፍል የሚያስገባን ብዙ ጊዜ መርፌ ተወግቶ ምሳ መዝለል፣ ኪኒን ውጦ ቅዳሴ እስኪወጣ መጾም፣ ትኩሳት ሲይዝ «እህል አልቀመስኩም» ብሎ መድኃኒት ማቆም ነው። ሦስቱም የሰዓት ጉዳይ ናቸው። ምን መብላት እንዳለብዎ ሐኪሙም ጎረቤቱም ይነግርዎታል፤ መድኃኒቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚበረታ የሚነግርዎ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ እዚህ የሚበዛው የሰዓቱና የልኩ ነገር ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩ

መድኃኒት ቤት በር ላይ በጣት ደም ተለክቶ «ስኳር አለብዎት» የተባለ ሰው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ በላቦራቶሪ ያረጋግጥ። ቢያንስ ለ8 ሰዓታት ምንም ሳይበሉ ተለክቶ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ፣ ወይም የ3 ወሩ አማካይ (ኤዋንሲ የሚሉት) 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው ይባላል። ምልክት የሌለው ሰው በሌላ ቀን ይደገምለታል። የውኃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና የክብደት መቀነስ እያለ በማንኛውም ሰዓት 200 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ ግን መድገም ሳያስፈልግ ሕክምናው ይጀመራል። ለሌላ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን እየወሰዱ ከነበረ ለሐኪሙ ይናገሩ፤ እነዚህ መድኃኒቶች ስኳር ከፍ ያደርጋሉ።

ዓይነት 1 ነው (ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመበት) ወይስ ዓይነት 2 (ኢንሱሊኑ የማይበቃበት ወይም በደንብ የማይሠራበት)? ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው። በእኛ አገር ቀጭን የገጠር ሰውም፣ ገና ጎረምሳ የሆነ ልጅም ስኳር ይይዘዋል፤ ስለዚህ ዕድሜና ውፍረት ብቻ አይቶ መወሰን አይቻልም። ክብደቱ በፍጥነት የወረደ፣ ሽንቱ ውስጥ ኪቶን (ሰውነት ኢንሱሊን አጥቶ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ አሲድ) የተገኘበት ሰው በኪኒን ጊዜ ሊያባክን አይገባም፤ ኢንሱሊን ያስፈልገዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውን የሚያስደነግጡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ አስቀድሞ ያወቃቸው ሰው አይረበሽም። አንደኛው የዓይን ብዥታ ነው። ከፍ ብሎ የነበረው ስኳር ሲወርድ የዓይን ሌንስ ውኃ ይዘቱ ስለሚለወጥ ማየት ለጥቂት ሳምንታት ይዛባል፤ ብዙ ጊዜም ራሱ ይስተካከላል። በዚያ መሃል መነጽር ካሠሩ ከ2 ወር በኋላ አይሆንዎትም፣ ገንዘብዎ ይባክናል። የዓይን ምርመራው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዓይነት 2 ያለበት ሰው በታወቀ ሰሞን፣ ከዚያም በየዓመቱ የዓይኑ የውስጠኛው ክፍል በሐኪም ሊታይለት ይገባል። ሁለተኛው፣ ሰውነት 300 እና 400 ለምዶ ሲቆይ ወደ 120 ሲወርድ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያሰምጣል፣ ልብ ይመታል። ስኳር የወረደ ይመስላል። ይለኩ፤ ከ70 በላይ ከሆነ ስኳር አይላሱ፤ ቁጭ ይበሉ፣ የምግብ ሰዓት ከደረሰ ይብሉ። ሰውነቱ አዲሱን ልክ ሲለምድ ይህ ስሜት ይጠፋል። ሦስተኛው ከሁሉም አሳሳቹ ነው። ዓይነት 1 ያለበት ሰው ኢንሱሊን ከጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቆሽቱ ትንሽ ያንሰራራና የመርፌው መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። ያን ጊዜ ጠበል የሄደው «ዳንኩ» ይላል፣ ሥር የጠጣውም «ለቀቀኝ» ይላል። ይህ ጊዜ ለወራት ሊቆይ ይችላል፣ ማለፉ ግን አይቀርም። መጠኑን ሐኪሙ ይቀንስ እንጂ መርፌው አይቋረጥ።

መለኪያውና ስትሪፑ

ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ መለኪያ ልላክልህ ሲል ደስ ይላል፤ ግን መለኪያው ያለ ራሱ ስትሪፕ (ደሙ የሚነካበት ቀጭን ቁራጭ) ዋጋ የለውም፣ የአንዱ ስትሪፕም በሌላው አይሠራም። መጀመሪያ ሰፈርዎ ያለው መድኃኒት ቤት ወይም ከነማ ፋርማሲ የትኛውን ስትሪፕ ሳይቋረጥ እንደሚያመጣ ይጠይቁ፤ መለኪያውን ከዚያ በኋላ ይምረጡ። ከአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች የሚመጣው መለኪያ ደግሞ በሌላ መስፈሪያ ያነባል፤ 7.0 ቢልዎ በ18 ያባዙት፣ 126 ይሆናል።

አለካኩ ቀላል ነው፣ ስህተቱ ግን ብዙ ነው። እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ማንጎ ወይም ብርቱካን የላጠ ጣት ሳይታጠብ ቢለካ ከእውነተኛው እጅግ የራቀ ቁጥር ይሰጣል፤ በዚያ ቁጥር ተደናግጦ ኢንሱሊን መጨመር አደጋ ነው። አልኮል ከተጠቀሙ እስኪደርቅ ይጠብቁ። የጣትዎን ጫፍ መሃል ሳይሆን ጎኑን ይውጉ፣ ሕመሙ ይቀንሳል። ደሙ እምቢ ካለ እጅዎን ወደ ታች አድርገው ከመዳፍ ወደ ጣት ያሻሹት እንጂ ጫፉን አይጭመቁ። የስትሪፑ ጠርሙስ ክዳን ሳይከደን ካደረ እርጥበት ገብቶ ያበላሸዋል። መውጊያውን ከቤተሰብ ጋርም ቢሆን አይዋዋሱ።

ስትሪፕ ውድ ነው። በሳምንት ጥቂት ብቻ ካለዎት በየቀኑ ጠዋት እየለኩ አይጨርሱት። ጥንድ አድርገው ይለኩ፦ አንድ ምግብ ይምረጡ፣ ልክ ከመብላትዎ በፊት ይለኩ፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ 2 ሰዓት ቆጥረው ይድገሙ። ለብዙ አዋቂዎች የሚፈለገው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው፤ ለአረጋውያንና ሌላ ሕመም ላለባቸው ሐኪሙ ላላ ሊያደርገው ይችላል። 130 ገብቶ 170 ከወጣ ያ ምግብ በዚያ መጠን ይስማማዎታል። 130 ገብቶ 260 ከወጣ መጠኑ በዝቷል። 220 ገብቶ 260 ከወጣ ግን ጥፋቱ የሳህኑ አይደለም፤ ከመብላትዎ በፊትም ከፍ ብሎ ነበርና መድኃኒቱ መታየት አለበት። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ምግብ ይያዙ። በደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ የወሰዱትን መድኃኒትና የበሉትን በአንድ ቃል ይጻፉ። ሐኪም ፊት የሚቆዩት ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ያችን ደቂቃ የሚያሠራት ይህ ደብተር ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ግን ቢያንስ ጠዋትና ማታ ከመርፌ በፊት ሳይለኩ ባይወጉ ይሻላል።

ኢንሱሊን በሰዓት

ኢንሱሊን የመጨረሻው ደረጃ ነው የሚለው አባባል ስንቱን እንደጎዳ! ዓይነት 1 ያለበት ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስፈልገዋል፤ ዓይነት 2 ያለበትም ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለዘለቄታው ሊያስፈልገው ይችላል። ቅጣት አይደለም።

በጤና ተቋሞቻችን በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው። ደመና የሚመስለው ኤንፒኤች ቀስ ብሎ ይጀምርና ከተወጉ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። ጥርት ያለው ሬጉላር በግማሽ ሰዓት ይጀምራል፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ይበረታል። ሁለቱ ተቀላቅለው የሚመጡበት 70/30 የሚባልም አለ።

ይህንን በእኛ ሰዓት እናስላው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኤንፒኤች ከተወጉ ጉልበቱ ከ5 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ነው። ምሳ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ሳይበሉ ማለፍ የሌለብዎ ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ምሳውን ቆጥሮ ነው የገባው። ማታ 1 ሰዓት የተወጉት ደግሞ ከምሽቱ 5 እስከ ንጋት 11 ይበረታል፤ ተኝተው እያለ። ሌሊት በላብ ተጠምቆ መንቃት፣ ቅዠት፣ ጠዋት ራስ ምታትና ድካም ካለ ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ማንቂያ ሞልተው አንድ ቀን ይለኩ። በዚያ ሰዓት ከ70 በታች ከሆነ ጠዋት ከፍ ብሎ ቢገኝ እንኳ የማታውን መጠን መጨመር ስህተት ነው፤ ቁጥሩን ይዘው ሐኪም ያማክሩ። ሬጉላርና 70/30 የሚወጉት ከምግብ 30 ደቂቃ አስቀድመው ነው፤ ነገር ግን ምግቡ መቅረቡን ሳያረጋግጡ አይውጉ። «አሁን ይደርሳል» የተባለ ወጥ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

አቀዳዱ ላይ ሰው የሚሳሳተው መስመር ሲቆጥር ነው። 100 ዩኒት የሚይዘው የኢንሱሊን መርፌ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዷ ትንሽ መስመር 2 ዩኒት ናት፤ 50 ዩኒት የሚይዘው ግን እያንዳንዷ 1 ዩኒት ናት። በአንዱ የለመደ ሰው መድኃኒት ቤት ሌላውን ሲሰጠው መስመር ቆጥሮ ከቀዳ እጥፍ ወይም ግማሽ ይወጋል። ሁልጊዜ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ፣ መስመር አይቁጠሩ። ዓይኑ የደከመ አባት ወይም እናት ካሉ ቤት ውስጥ አንድ ወጣት ይህንን ይልመድላቸው።

ሁለቱን በአንድ መርፌ ለመቀላቀል የታዘዘለት ሰው ቅደም ተከተሉን አይለውጥ። ለምሳሌ 14 ኤንፒኤችና 6 ሬጉላር ቢታዘዝ፦ የኤንፒኤቹን ጠርሙስ በሁለት መዳፍ መሃል 10 ጊዜ ያህል ቀስ ብለው ያንከባልሉ፣ አይነቅንቁ። 14 አየር ስበው ኤንፒኤቹ ውስጥ ያስገቡና ምንም ሳይቀዱ መርፌውን ያውጡ። 6 አየር ስበው ሬጉላሩ ውስጥ ያስገቡ፣ ጠርሙሱን ገልብጠው 6 ይቅዱ። ከዚያ ወደ ኤንፒኤቹ ተመልሰው እስከ 20 ይሳቡ። ጥርት ያለው ቀድሞ የሚቀዳው ደመናው ጠርሙሱ ውስጥ ገብቶ እንዳያበላሸው ነው። 20 ካለፈ የተረፈውን ወደ ጠርሙሱ አይመልሱ፤ ተቀላቅሏልና ይድፉትና እንደገና ይጀምሩ። የአየር አረፋ አይገድልም፣ ግን የመድኃኒቱን ቦታ ይዞ መጠኑን ያሳንሳል፤ በጣት ነካ ነካ አድርገው ያውጡት።

የሚወጋው ሆድ (ከእምብርት ሁለት ጣት ርቆ)፣ የጭን ውጫዊ ጎን፣ ወይም መቀመጫ ነው። ቆዳውን ቆንጠጥ አድርገው ይያዙ፣ ቀጭን ከሆኑ መርፌውን ትንሽ ያጋድሉት፣ ገፍተው ከጨረሱ በኋላ እስከ 10 ቆጥረው ይንቀሉት፣ አይሹት። በየቀኑ ከትናንቱ አንድ ጣት ያህል ይራቁ። አንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም ቆዳው ሥር እብጠት ይፈጠራል፤ ስለማያም ሰው ይወደዋል፣ ነገር ግን ከዚያ ቦታ መድኃኒቱ አንድ ቀን ይዘገያል፣ አንድ ቀን በአንዴ ይገባል። ምክንያቱ ያልታወቀ የስኳር ውጣ ውረድ ያለበት ሰው መጀመሪያ ሆዱን በጣቱ ይዳብስ። ወደ እርሻ ወይም ረጅም መንገድ ሊሄዱ ሲሉ ጭን ላይ አይውጉ፤ የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊኑን ያፈጥነዋል።

ያልተከፈተ ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ማቀዝቀዣ በር ላይ ጥሩ ነው፣ በረዶ ቤቱ አጠገብ ግን በረዶ ከሠራ ተበላሸ፣ ቢቀልጥም አይሠራም። የተከፈተው ከፀሐይ ርቆ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የከፈቱበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። ማቀዝቀዣ የሌለው፣ በተለይ እንደ ድሬዳዋ፣ መተማና አፋር ባለ ሙቀት የሚኖር ሰው ሸክላ ይጠቀም፦ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ፣ በመሃላቸው አሸዋ፣ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣል፣ ላዩ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይቀመጣል። ጠርሙሱን እንዳይርስ በላስቲክ ጠቅልለው ትንሿ ውስጥ ያስቀምጡ። ውኃው ሲተን ያቀዘቅዘዋል። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ፣ አውሮፕላን ከሆነም ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት፤ በእጅዎ ይያዙት። ጥርት ይል የነበረው ከደፈረሰ፣ ደመናው ተንከባልሎም ፍርፋሪ ከታየበት ወይም ጠርሙሱን ጉም ከለበሰው ይጣሉት። ያገለገለውን መርፌ ክዳን ባለው ወፍራም የዘይት ጀሪካን ያጠራቅሙና ለጤና ጣቢያ ይስጡ፤ የቆሻሻ ሠራተኞቻችን እጅ ሥጋ ነው።

ስኳር ሲወርድ

ስኳር ወረደ የሚባለው ከ70 በታች ሲሆን ነው፤ ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ መነጫነጭ፣ ቃል መሳት። መለኪያ ከሌለ እንደወረደ ቆጥረው ያክሙት። 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥቂት ውኃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ፣ ስኳር አልባው አይሠራም። 15 ደቂቃ ይጠብቁ፣ እንደገና ይለኩ፣ ካልተስተካከለ ይድገሙ። ሲስተካከል የምግብ ሰዓት ከሩቅ ከሆነ ቁራሽ ዳቦ ወይም ጥቂት እንጀራ ይቅመሱ። ቸኮሌትና ወተት ቅባት ስላለባቸው ይዘገያሉ፤ ቆሎና እንጀራም ለዚያች ደቂቃ አይደርሱም። 4 ማንኪያ ስኳር በትንሽ ላስቲክ ቋጥረው ኪስ ውስጥ መያዝ ከመታወቂያ እኩል ልማድ ይሁንልዎ።

ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በጎኑ አስተኝቶ ወዲያው ጤና ተቋም ማድረስ ነው፤ እዚያ በደም ሥር ግሉኮስ ይሰጡታል። ላቡ የሚንጠባጠብና ቃሉ የተምታታበት ሰው ታክሲ ተራ ላይ ሰካራም ይመስላል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ያመመው መንፈስ ነው ብለው ጠበል ሊረጩበት ይችላሉ። ስለዚህ ቢያንስ አብሮ የሚኖረው፣ የሥራ ባልደረባውና የቅርብ ጓደኛው ይወቁ፤ ኪስ ውስጥ «የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፣ ኢንሱሊን እወስዳለሁ» የሚል ወረቀት ይኑር። በተለይ ልጃገረዶች ለትዳር እንቅፋት ይሆናል ብለው ሲደብቁ እናያለን፤ የተደበቀ ስኳር ሌሊት ሲወርድ የሚያነቃ ሰው የለውም።

ኪኒኖቹ

ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ይዋጣል። መጀመሪያ ላይ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፤ በ500 ሚሊግራም ጀምሮ በሳምንት በሳምንት ከፍ ማድረግ ይህን ይቀንሰዋል፣ አብዛኛው ሰውም ይለምደዋል። ባዶ ሆድ ውጦ «አልተስማማኝም» ብሎ የሚያቆመው ብዙ ነው። ለብቻው ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች ማውረዱ እምብዛም ነው። ግሊቤንክላማይድ ግን ይለያል፤ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋል፣ ምግብ ቢኖርም ባይኖርም። ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት ይወሰዳል፣ ቁርስ የሌለበት ቀን ሳይማከሩ አይዋጥም። አረጋውያንና ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ላይ ከአንድ ቀን በላይ የሚቆይ መውረድ ሊያመጣ ስለሚችል ስኳር ልሰው ተሻላቸው ተብሎ ቤት መተው የለባቸውም። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ከማርገዟ በፊት ለሐኪሟ ትንገር፤ መድኃኒቷ መታየት አለበት።

ማዕዱ

እንጀራ አይከለከልም፤ መጠኑ ነው። ከአንድ ትሪ ስንበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም፣ ችግሩ እዚያ ነው። የራስዎን ድርሻ ቀድመው ቆርጠው በሳህን ይያዙ፦ የሳህኑ ግማሽ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ፎሶሊያ ወይም ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ ሥጋ ወይም እንቁላል፣ ሩቡ እንጀራ። ድንች ከአትክልቱ ሳይሆን ከእንጀራው ድርሻ ነው የሚቆጠረው። ገንፎ፣ ጨጨብሳና ነጭ ዳቦ ቶሎ ከፍ ያደርጋሉ፤ ቅንጬና ቆሎ በልክ ከተበሉ ይሻላሉ። እርስዎ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ከላይ የተባለው ጥንድ ልኬት ይነግርዎታል።

ሳይታወቅ የሚገባው ስኳር የሚጠጣው ነው። በቀን 4 ሻይ በ3 ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 12 ማንኪያ ስኳር፣ ማለትም ወደ 50 ግራም ጠጥቷል። ማርም ስኳር ነው፤ ብርዝም ጠጅም እንዲሁ። ስፕሪስ ጁስ ውስጥ ያለው ፍሬ ሦስት አራት ሰው የሚበላው ነው፣ ላዩ ላይ ሽሮፕ ይጨመርበታል፤ ፍሬውን በመብላት ይተኩት፣ በአንድ ጊዜ አንድ ትንሽ ብርቱካን ወይም ግማሽ ሙዝ። አረቄና ጠላ ባዶ ሆድ ላይ፣ በተለይ መርፌ ወይም ግሊቤንክላማይድ ለሚወስድ ሰው፣ ከሰዓታት በኋላ ስኳርን ያወርዳሉ። ጫት የሚቅም ሰው ረሃቡን ስለማያውቅ ምግብ ይዘልላል፣ በዚያ ላይ ለስላሳ ይጠጣል፤ ሁለቱም መድኃኒቱን ያዛቡታል።

«ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» የምንል ሕዝብ ነን። ሰርግም ለቅሶም ላይ ምግብ የሚቀርብበት ሰዓት አይታወቅም። በሰዓትዎ ቤትዎ በልተው ይሂዱ፤ እዚያ አንድ ጉርሻ ተቀብለው «ቀምሼ ነው የመጣሁት» ማለት ማንንም አያስቀይምም። ከምግብ በኋላ የ15 ደቂቃ የእግር ጉዞ ደግሞ በጣም ይረዳል፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ከሞላ በቂ ነው።

ጾምና ጠበል

የጾም ምግብ ለስኳር ክፉ አይደለም፤ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ጎመን ጥሩዎች ናቸው። ዳቦው፣ ፓስታው፣ ሳምቡሳውና የጾም ኬኩ ይብሳል። አደጋው ያለው ቀኑን ሳይበሉ መዋል ላይ ነው። ጠዋት ኤንፒኤች ወይም ግሊቤንክላማይድ ወስዶ እስከ 9 ሰዓት መቆየት መድኃኒቱ በሚበረታበት ሰዓት ባዶ ሆድ መሆን ማለት ነው። የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ሕሙም በሰዓት እንዲበላ ይፈቅዳሉ፣ የጾሙን ምግብ በሰዓቱ እየበሉ ጾሙን መጠበቅ ይቻላል። የረመዳን ጿሚ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ ይቅረብ፣ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ይቀየራል። ዓይነት 1 ላለበት፣ ነፍሰ ጡር ለሆነች፣ በቅርብ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ለሳተ ሰው ባይጾም ነው የሚመከረው። ጣት ወግቶ መለካት ጾም አያስፈርስም፤ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ሲሆን ግን ማፍረስ ግድ ነው። ሱሑርን ዘግይተው ይብሉ፣ አይዝለሉት።

ጠበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። ጸበሉን ይጠጣል፣ ኢንሱሊኑንም ይወጋል፤ አንዱ ሌላውን አይቃረንም። ዓይነት 1 ያለበት ሰው መርፌ ባቆመ በቀናት ውስጥ ትውከት፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ይጀምረውና ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። አብሽም ሽፈራውም እንደ ምግብ ይወሰዱ፤ መድኃኒት ተክተው አይደለም።

ትኩሳት፣ እግርና ጠርሙሱ

ሲታመሙ ስኳር ባይበሉም ይጨምራል፤ ኢንፌክሽን ራሱ ከፍ ያደርገዋል። ኢንሱሊን ጨርሶ አይቆምም። በየ4 ሰዓቱ ይለኩ፣ በየሰዓቱ ብርጭቆ ውኃ ይጠጡ፣ ምግብ ካልወረደ አጥሚት ወይም ሻይ በጥቂት በጥቂቱ ይውሰዱ። ብዙ የሚያስታውክና የሚያስቀምጥ ሕመም ሲሆን ሜትፎርሚን ለጊዜው ሊቆም ስለሚችል ይጠይቁ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከ300 በላይ ከሆነ፣ የጠጡትን ማስቀረት ካልቻሉ፣ ትንፋሽ ከጠለቀ ወይም እንቅልፍ ከከበደ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ።

ማታ ማታ እግርዎን በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ይዩ፤ ጎንበስ ማለት ካልቻሉ ልጅ ይይልዎ። ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት እጅዎን ከተው ጠጠር ይፈልጉ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጫማ ሲያወልቁ ወፍራም ካልሲ ይኑርዎት። እግር በከሰል አይሞቅም፤ የደነዘዘ እግር መቃጠሉን አይነግርዎትም። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፣ የደረቀ ቆዳ በምላጭ አይነካም። ትንሽ ቁስልም ብትሆን ቅቤ ሳይቀባት በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ትታይ።

በዓመት አንድ ጊዜ ዓይን፣ የሽንት ፕሮቲን፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ የደም ቅባትና የእግር ስሜት፣ በየቀጠሮው ደግሞ የደም ግፊት እንዲታይልዎ ይጠይቁ። የ3 ወሩ አማካይ ለብዙዎች ከ7 በመቶ በታች ቢሆን ይፈለጋል። ደም ማነስ ካለብዎ ያ ቁጥር ሊያሳስት ስለሚችል ይናገሩ።

መድኃኒቱ ሳያልቅ ይግዙ። አንድ 10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 1000 ዩኒት ይይዛል። በቀን 34 ዩኒት የሚወጋ ሰው 29 ቀን ያህል ይበቃዋል፤ ሩብ ሲቀረው 7 ቀን ነው የቀረው። መድኃኒት ቤቶች ኢንሱሊን የሚያጡበት ሳምንት ስላለ ሁለተኛውን ጠርሙስ ያን ጊዜ ይግዙ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለዎት ከሆነ ተቋሙ ውስጥ ሲጠፋ በምን መንገድ ከውጭ እንደሚገዙ አስቀድመው ጠይቀው ይወቁ፣ የታደሰውን ደብተርና የመጨረሻውን የመድኃኒት ማዘዣ ከቀጠሮ ካርዱ ጋር በአንድ ላስቲክ ያኑሩ።